በውኃ ውስጥ ቆሞ ስለሚጠማ ተክል
በቆላ አገር ያለ ዐፈር አትክልት ለሚያለሙ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ያለ ዐፈር፣ ምግብ በተሟሟበት ውኃ ላይ አትክልት ስለ ማብቀል ነው። ሃይድሮፖኒክስ የሚባለው ይህ ሥራ በአሁኑ ጊዜ በብዙ ሰው ዘንድ ታውቋል፤ ስለዚህ ስለ ሥራው ሁሉ ለመናገር አልተነሣሁም። የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በድሬዳዋ፣ በአዋሽ ሸለቆና እነዚህን በመሰለ ሞቃት አገር ውኃው እንዳይግል እንዴት እንደሚጠበቅ ነው። በደጋ ይህ ነገር እምብዛም አያሳስብም። በቆላ ግን ያማረ የሰላጣ ሳጥን በጥቂት ቀን ውስጥ ሲበላሽ ብታዩ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ መጠርጠር ያለባችሁ የውኃውን ሙቀት ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ቃል ልናገር። ደኅና ዐፈርና በቂ መስኖ ያለው ገበሬ መሬቱን ትቶ በውኃ ላይ ይትከል ብዬ አልመክርም። ዐፈር ለሥር ትልቅ ጥላው ነው፤ ላዩ በፀሐይ ቢቃጠልም አንድ ክንድ ወደ ታች ሲቆፈር ቀዝቃዛ ነው፤ ገበሬው ስለ ሥር ሙቀት ሳይጨነቅ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። በውኃ ላይ ማልማት የሚበጀው መሬቱ በጨው ለተበላሸበት ሰው፣ ወይም በከተማ ከቤቷ ጓሮ በቀር ሌላ ቦታ ለሌላት እናት ነው። እነዚህ ሰዎች ለሳጥኑ፣ ለላስቲኩና ለማዳበሪያው ከዕለት ጉርሳቸው ቀንሰው ገንዘብ ያወጣሉና፣ አንድ ምርት ሲጠፋባቸው ጉዳቱ ቀላል አይደለም።

ችግሩ የሚጀምረው እንዲህ ነው። በቀትር ጊዜ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀና ይላል። በማግሥቱም እንዲሁ ይሆናል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ግን ከመሸም በኋላ አይነሣም። ባለቤቱ ይህን ሲያይ «ተጠማ» ይልና ሳጥኑን እስከ አፉ ይሞላል፤ ጎረቤት መጥቶ «ተርቧል» ይለውና ማዳበሪያ ይጨምርበታል። ሁለቱም ነገሩን ያባብሱታል እንጂ አያድኑትም። በዚህ ጊዜ የሚገባው ተክሉን የተሸከመውን ፎም ከፍ አድርጎ ሥሩን መመልከት ነው። ጤነኛ ሥር ነጭና ጠንካራ ነው፤ መጥፎ ሽታም የለውም። ሙቀት የጎዳው ሥር ቡናማ ይሆናል፤ በጣት ሲይዙት ያሟልጫል፤ ሳብ ሲያደርጉት የላዩ ልባስ ይገፈፍና እንደ ክር ያለ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ሽታውም የረግረግ ሽታ ነው። እንግዲህ ይህ ተክል የተጠማው ውኃ አጥቶ አይደለም፤ የሚጠጣበት ሥሩ ስለ ሞተ ነው።

ሥሩ ስለ ምን ይሞታል? ሥር እንደ እኛ ይተነፍሳል። ለመተንፈስ የሚፈልገውን ኦክስጅን የሚያገኘው በውኃው ውስጥ ከተሟሟው አየር ነው። ውኃ በጋለ መጠን ግን አየር መያዝ ያቅተዋል። በባሕር ጠረፍ ከፍታ 1 ሊትር ውኃ በ20 ዲግሪ ሙቀት 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ግን 7 ሚሊ ግራም ተኩል ያህል ብቻ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ ላይ ደግሞ ከስምንት አንድ እጅ ያህል ይጎድላል። በውጭ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ይህን ጉድለት ሳይቆጥር «ይህን ያህል ሙቀት አይጎዳም» ቢል፣ ለእኛ አገር ከፍታ እንዳለ መቀበል አይገባም።

ክፉው ነገር ደግሞ ውኃው ሲግል አየሩ ብቻ አይደለም የሚጎድለው፤ የሥሩም ፍላጎት ይጨምራል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ሲል ሥር የሚተነፍሰው አየር ወደ እጥፍ ይጠጋል። መሶቡ ሲጎድል የበላተኛው ቁጥር እንደሚጨምር ማለት ነው። ሥሩ በዚህ ዓይነት ሲዳከም ፒቲየም የሚባለው ሥር አበስባሽ ተባይ ያገኘዋል። ይህ ተባይ በዓይን የማይታይ ሲሆን፣ ከዓይነቶቹ አንዳንዶቹ በሞቀ ውኃ ውስጥ በጣም ይፋጠናሉ፤ ውኃው ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው የሚዘዋወር ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሥር ወደ ሁሉም ሥር ይዳረሳል።

ለሰላጣ የሚስማማው የሥር ውኃ ሙቀት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ነው። እስከ 26 ድረስ ይታገሣል። ከ28 ሲያልፍ ማሰብ ይገባል፤ ከ30 በላይ ሆኖ ቀናት ከቆየ የሥሩ መበስበስ የሚጠበቅ ነገር ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። አየሩን ማቀዝቀዝ ባንችል እንኳ ሥሩን ብቻ ብናቀዘቅዝ ተክሉ ብዙ ይታገሣል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት በሲንጋፖር ተመራማሪዎች የቀዝቃዛ አገር ሰላጣ ቅጠሉን በሞቃቱ አየር ላይ ትተው ሥሩን ብቻ 20 ዲግሪ አካባቢ በማቆየት ደኅና አድርገው አብቅለዋል። እነሱ ይህን ያደረጉት በማቀዝቀዣ መኪና ነው። እኛ መኪናው የለንም፤ ግን ብልሃቱ የሚጀምረው ከመኪናው አይደለም።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንቍጠር። ሰማዩ በጠራ ቀን፣ በቀትር፣ በ1 ካሬ ሜትር ላይ የሚወርደው የፀሐይ ኀይል ወደ 1,000 ዋት ይደርሳል። ይህ ሁሉ 100 ሊትር ውኃ ውስጥ ቢገባ በ1 ሰዓት ውስጥ 8 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል። ግማሹ ብቻ ቢገባ እንኳ 4 ዲግሪ ነው። በሌላ በኩል ብዙ ሰው ዘዴ አገኘሁ ብሎ የሚያደርገውን እንመልከት፤ 2 ሊትር በሚይዝ ጠርሙስ ውኃ አቀዝቅዞ በረዶ ያደርግና ወደ በርሜሉ ይከታል። ይህ በረዶ ሟሙቶ እስኪያልቅ ድረስ 100 ሊትር ውኃን የሚያበርደው በ2 ዲግሪ ያህል ነው። ይህም ማለት ፀሐይ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የምታስገባውን ለማውጣት አንድ ጠርሙስ በረዶ ይጠፋል ማለት ነው። መብራት በሚቋረጥበት መንደር ይህን እየተከታተሉ መኖር አይቻልም። ስለዚህ ሙቀቱ ከገባ በኋላ ለማስወጣት ከመድከም ይልቅ አስቀድሞ እንዳይገባ በሩን መዝጋት ይሻላል። ሰሌንና ኖራ ከበረዶ ይበልጣሉ።

በሩ የሚዘጋው በመጀመሪያ በጥላ ነው። የውኃው በርሜልም ሆነ ሳጥኑ ፀሐይ ፈጽሞ ሊነካው አይገባም። ዳሱ በሰሌን፣ በሣር ወይም በሸምበቆ ቢሠራ መልካም ነው፤ ጥቁር ላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ግን ራሱ ግሎ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃልና፣ ከሌላ ነገር የጠፋ እንደ ሆነ ብቻ፣ ያውም ከውኃው ራቅ ተደርጎና ነፋስ በመካከል እንዲያልፍ ሆኖ ይሠራ። ለተክሉ ግን ብርሃን ያስፈልገዋልና ከላይ ድፍን ጣሪያ አይደረግበትም፤ በበጋ ለሰላጣ ከብርሃኑ ከሦስት አንድ እጅ እስከ ግማሽ የሚቀንስ መረብ ወይም ሳሳ ተደርጎ የተበተነ ሸምበቆ ይበቃዋል።

ስለ አቅጣጫ የሚባል ነገር አለ። በአውሮፓ መጻሕፍት «የውኃውን በርሜል ከቤቱ በሰሜን በኩል አስቀምጥ፤ በዚያ ሁልጊዜ ጥላ ነው» የሚል ምክር ይገኛል። ለእነሱ እውነት ነው። በእኛ አገር ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ድረስ በድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ ከአናት አልፋ በሰሜን በኩል ትውላለች፤ ይህም የሙቀቱ ዋና ወቅት የሚገኝበት ነው። በዚህ ምክር ያስቀመጡት በርሜል በሰኔ ሙሉ ቀን ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ስለዚህ ዳሱ በደቡብም በሰሜንም በኩል ክፈፍ ይኑረው። ከሁሉ ይልቅ ግን የምዕራቡን ጎን ሸፍኑ። ከ8 ሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ በጎን ገብቶ የሳጥኑን ግድግዳ ይመታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አየሩም ውኃውም አስቀድመው ሞቀው የቆዩ ናቸው። በምዕራብ በኩል አንድ የሸምበቆ አጥር ወይም ቅጠሉ የበዛ ሐረግ ብዙ ይረዳል።

ቀጥሎ ቀለሙ ነው። በየቤቱ የምናየው ጥቁር ሮቶ ለዚህ ሥራ ክፉ ዕቃ ነው። ይሁን እንጂ ውስጡ ጥቁር መሆኑ አንድ ጥቅም አለው፤ ብርሃን አያስገባምና አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር በውኃው ውስጥ አይበቅልም። ነጭና ስስ ዕቃ ደግሞ ሙቀቱን ቢመልስም ብርሃን ያስገባል። እንግዲህ ሁለቱን ማጣመር ነው፤ ውስጡ ጥቁር ይሁን፤ ውጭው በኖራ ይነጣ። ኖራው በአቧራና በዝናብ ይለቃልና እየታየ እንደገና ይቀባ። ውኃው የሚመጣበት ጥቁር ቱቦም በሣር ይሸፈን ወይም ይቀበር። በቀን ከቱቦው መጀመሪያ የሚወጣው ውኃ እጅ የሚለበልብ ስለሚሆን፣ እሱን በጀሪካን ተቀብላችሁ ለዕቃ ማጠቢያ አድርጉት፤ ወደ ተክሉ አትልቀቁት።

ክዳን የግድ ነው። ክዳኑ ፀሐይን ይከለክላል፤ ሕፃን ወደ ውኃው እንዳይወድቅ ይጠብቃል፤ ሦስተኛውም ጥቅሙ የወባ ነገር ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ተገኝታለች፤ በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር የተያያዘ መሆኑ ታውቋል። ይህች ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግና ኩሬ ብቻ አትፈልግም፤ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ለሰላጣ ብላችሁ በግቢያችሁ ውስጥ የትንኝ ቤት እንዳትሠሩ፣ በርሜሉ በክዳን፣ ክፍት መሆን ያለበትም ቀዳዳ ሁሉ በወንፊት ይዘጋ። የልማት ሠራተኞች ይህን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ተነጋግረው ቢመለከቱት መልካም ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንመለስ። ቀደም ብዬ ዐፈር ጥላ ነው ብያለሁ፤ ያንኑ ጥላ ለውኃውም ልንሰጠው እንችላለን። የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነት ከግማሽ ሜትር በታች ባለው ዐፈር ውስጥ እምብዛም አይሰማም። ስለዚህ በርሜሉን ከዳሱ ሥር እስከ አንገቱ መቅበር ነው። ጉድጓዱን ስትቆፍሩ በበርሜሉና በዐፈሩ መካከል ባዶ ቦታ አትተዉ፤ የተቆፈረውን ዐፈር መልሳችሁ በደንብ ጠቅጥቁት፤ ዐፈሩ ሙቀቱን የሚቀበለው ሲነካው ነውና። የተቀበረ በርሜል በረዶ አይሆንም፤ በድሬዳዋ ዐፈሩ ራሱ በዚያ ጥልቀት ከ25 ዲግሪ በታች ብዙ አይወርድም። ነገር ግን የቀኑን ግለት አያይም፤ ለእኛም የሚያስፈልገን ይኸው ነው። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ መቆፈር ያቃተው በርሜሉን በመሬት ላይ አቁሞ ዙሪያውን በዐፈር ይደልድል።

ከብዙዎቹ የአሠራር ዓይነቶችም ቢሆን መምረጥ ይገባል። ውኃ በስሱ በቱቦ ውስጥ እየፈሰሰ የሚያልፍበት አሠራር ለዓይን የሚያምር ነው፤ በሥዕልም ብዙ ጊዜ የሚታየው እሱ ነው። እኔ ለቆላ ገበሬ አልመክረውም። ቱቦው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይግላል፤ በውስጡ ያለችው ጥቂት ውኃ ቶሎ ትሞቃለች፤ መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ ሥሩ በአንድ ቀትር ይደርቃል። ለእኛ የሚሻለው በመሬት ላይ የተቀመጠ፣ ውስጡ ላስቲክ የለበሰ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ የሚይዝ ጥልቅ ሳጥን ነው። ስፋቱ 1 ካሬ ሜትር የሆነ እንደዚህ ያለ ሳጥን 300 ሊትር ውኃ ይይዛል። ብዙ ውኃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ እስኪሞቅም ፀሐይ ትጠልቃለች። ክብደቱ ግን 300 ኪሎ ነውና በቀጭን እግር ላይ አታቁሙት።

በዚህ ሳጥን ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ችግኙ ትንሽ ሳለ ውኃው ሥሩን ይንካው። ሥሩ ሲረዝም ግን ውኃው እየተጠጣ ዝቅ ይበል፤ ከፎሙ በታች 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይቅር። በዚህ ባዶ ቦታ ውስጥ ያለው ሥር ከእርጥቡ አየር በቀጥታ ይተነፍሳል። ውኃው ቢሞቅና አየር ቢያጣ ተክሉን የሚያቆየው ይህ የላይኛው ሥር ነው። ብዙ ሰው ሳጥኑ የጎደለ መስሎት እንደገና እስከ አፉ ሲሞላ ይህን ሥር ያሰጥመዋል። የጎደለውን ከፊሉን ብቻ መልሱ፤ ባዶውን ቦታ አትድፈኑት።

ስለ ማቀዝቀዝ ደግሞ እናቶቻችን ያስተማሩን ትምህርት አለ። በእንስራ ያለ ውኃ ለምን ይቀዘቅዛል? ሸክላው ላብ ያወጣል፤ ላቡ በነፋስ ሲተን ከውስጥ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። 1 ሊትር ውኃ ተንኖ ሲያልቅ የሚወስደው ሙቀት 100 ሊትር ውኃን ከ5 ዲግሪ በላይ ለማብረድ ይበቃል፤ እርግጥ ከዚህ ከፊሉ ከውጭው አየር ስለሚመጣ ሙሉው ለእኛ አይደርስም። በርሜሉን መቅበር ያልቻለ ሰው የቃጫ ጆንያ ጠምጥሞበት በጥላና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያቁመው፤ ጆንያውንም እንዳይደርቅ እያርከፈከፈ ያርጥበው። የማዳበሪያ ከረጢት ለዚህ አይሆንም፤ ውኃ አይጠጣምና። ማዳበሪያ የተሟሟበትን ውኃ ግን በእንስራ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ጨው በሸክላው ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ከዚያ ወዲያ እንስራው ላብ አያወጣም። በእንስራው ንጹሕ ውኃ ብቻ ሙሉ፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያድርና ጧት በማለዳ የሳጥኑን ጉድለት በእሱ ተኩ።

ይህ ዘዴ የሚሠራው አየሩ ደረቅ በሆነበት ቦታ ብቻ ነው። የልማት ሠራተኛው ይህን በቀላሉ ሊመዝን ይችላል። የቴርሞሜትሩን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠምጥሞ በጥላ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ያራግበው፤ ቍጥሩ ወርዶ የሚቆምበት ቦታ እርጥብ ጆንያ ሊያደርስ የሚችለው የመጨረሻው ወሰን ነው። አየሩ 38 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 20 በመቶ ቢሆን ቴርሞሜትሩ ወደ 21 ይወርዳል፤ ጆንያው እጅግ ይጠቅማል። በጋምቤላ በክረምት እንደሚሆነው አየሩ 32 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 75 በመቶ ቢሆን ግን ከ28 ብዙ ዝቅ አይልም፤ እንዲህ ባለ ቦታ ጆንያ ማርጠብ ድካም ብቻ ነው። ውኃ በጀሪካን ከሩቅ በሚመጣበት ቤትም፣ ደረቅ አገር ቢሆን እንኳ፣ ጥላና ጉድጓድ ይበቃል፤ እናት በጀርባዋ ያመጣችው ውኃ ለጆንያ አይፍሰስ።

ፓምፕ ያለው ሰው ውኃውን ማዘዋወር የሚገባው በተለይ ሌሊት ነው። ውኃው ከፍ ካለ ቦታ እየተንጠባጠበ ቢወርድ በሌሊቱ አየር ይበርዳል፤ አየርም ይጠጣል። በቀን ለአየሩ ሲባል ለአጭር ጊዜ እየተነሣ ይቁም። በውኃ ውስጥ ተዘፍቆ የሚሠራ ፓምፕ ራሱ እንደሚሞቅና ሙቀቱን ለውኃው እንደሚሰጥ አትርሱ፤ በትንሽ በርሜል ውስጥ ሙሉ ቀን የሚሠራ ትልቅ ፓምፕ ማሞቂያ ነው። ፓምፕ የሌለው በማለዳ በጣሳ እየቀዳ ከላይ ወደ ታች ደጋግሞ ያፍስስ።

መለኪያ ሳይኖር ስለ ሙቀት መከራከር ዋጋ የለውም። በቀን ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ጧት በ12 ሰዓትና ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት። ውኃ ከአየር ዘግይቶ ስለሚሞቅ በቀትር የተለካ ውኃ ያታልላል። ቴርሞሜትር የሌለው እጁን ይክተት፤ ምንም ቅዝቃዜ ካልተሰማው ውኃው ከ30 በላይ መሆኑን ይጠርጥር። ከዚሁ ጋር የማዳበሪያውን ነገር ተመልከቱ። በሙቀት ጊዜ ተክሉ ከማዳበሪያው ይልቅ ውኃውን አብዝቶ ይጠጣል፤ ስለዚህ የሚቀረው ውኃ እየጨዋ ይሄዳል፤ የሰላጣው የውስጥ ቅጠል ጫፍ ቢያርር አንዱ ምልክት ይህ ነው። በሞቃት ወራት ማዳበሪያውን ከተለመደው ቀጠን አድርጉት፤ የጎደለውንም በንጹሕ ውኃ ተኩ።

ዘመኑንም መምረጥ ያስፈልጋል። ሰላጣ በቆላ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ሌሊቱ ይረዳዋል። ከሚያዝያ በኋላ ግን ሙቀት ለሚችሉት፣ ለበሶብላ፣ ለናናና ለቆስጣ ቦታውን መልቀቅ ይሻላል። በሰኔ ሰላጣ ውድ ነው ብሎ የሚሟገተኝ ብዙ ነው፤ ውድ የሆነበትም ምክንያት ይኸው ስለ ሆነ መጀመሪያ በአንድ ሳጥን ይሞክረው።

አስቀድሞ ሳይጠበቅ ቀርቶ ውኃው ከጋለና ተክሉ መጠውለግ ከጀመረ እንዲህ ይደረግ። በዚያው ሰዓት ጥላውን አጥብቁ። ማዳበሪያ አትጨምሩ። ውኃውን ትንሽ ቀንሱና የላይኛው ሥር አየር እንዲያገኝ አድርጉ። ሲመሽ ከሳጥኑ ውኃ ከሦስት አንዱን እጅ አውጥታችሁ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ተኩ፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ በበረዶ ውኃ መለወጥ ግን ሥሩን ያስደነግጠዋል። ሥሩ ግማሹ ነጭ ከሆነ ተክሉ ሊተርፍ ይችላል። ሁሉም ቡናማ ሆኖ ከሸተተ ግን ሳታመነቱ ንቀሉት፤ ከጤነኞቹም ሳጥን አርቃችሁ ቅበሩት። ሳጥኑን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ እጠቡት፤ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ አለቅልቁትና ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ከዚያ በኋላ ባዶውን ሳጥን በውኃ ሞልታችሁ በ10 ሰዓት እየለካችሁ 3 ቀን ተከታተሉ፤ ሙቀቱ ሦስቱንም ቀን ከ28 በታች ሆኖ ከተገኘ አዲሱን ችግኝ ትከሉ፤ ካልሆነ ከመትከላችሁ በፊት ወደ ጥላውና ወደ ጉድጓዱ ተመለሱ።